ወደ ሐይቁ እንሂድ፤ ግን ላይፍ ጃኬቱን ለብሰን

ባለፈው ሳምንት በማኅበራችን ግሩፕ ቻት ላይ የዓመቱ መዝጊያ ሽርሽር የት ይሁን የሚል ድምፅ መስጫ ወጥቷል። ምርጫው ሁለት ነው፤ እንደ ወትሮው ፓርክ ሄዶ ሥጋ መጥበስ፣ ወይም ሌክ ዋሽንግተን ላይ ፓድልቦርድ ተከራይቶ መቅዘፍ። ይህን በምጽፍበት ሰዓት ፓድልቦርዱ በሰፊው እየመራ ነው። ከድምፅ መስጫው ጋር የተለጠፈውን ፎቶም ሁላችሁም አይታችሁታል። አራት ሴቶች ቦርድ ላይ ቆመን፣ መቅዘፊያችንን እንደ ጦር ወደ ላይ ቀስረን፣ ከኋላችን ሬኒየር ተራራ ከነበረዶው። ከግራ በኩል ሁለተኛዋ እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት ሜይ መጀመሪያ ላይ ዳር ቆሞ የነበረ ሰውዬ ነው በስልኬ ያነሳን።

ያ ፎቶ ከተነሳ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከአራታችን አንዷ ልትሰጥም ነበር።

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርንም። ስንመለስ መኪና ውስጥ "እናቴ እንዳትሰማ" አለችን፤ እኛም እሺ አልን። ፎቶውን ግን ለጠፍነው። አሁን ያው ፎቶ "አያችሁ፣ ቀላል ነው፣ ማንም አይወድቅም" ለማለት ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ ዝም ማለት ከበደኝ። ጓደኛዬን አስፈቀድኳት። "ስሜን ሳትጠሪ ጻፊው" አለችኝ።

ከመጀመሬ በፊት ድምፄን ልንገራችሁ፤ የሰጠሁት ለፓድልቦርዱ ነው። ይህን አንብባችሁ ፈርታችሁ ወደ ጥብሱ እንድትዞሩ አይደለም የምጽፈው። (ለነገሩ ሽርሽሩ ጁን ላይ ከዋለ የሰኔ ጾም ይገባልና ግማሾቻችን ጥብሱን የምናየው በዓይናችን ብቻ ነው።)

ነገሩን ለማታውቁት፣ ፓድልቦርድ ሦስት ሜትር ከምናምን ርዝመት ያለው ሰፊ ሰሌዳ ነው። ላዩ ላይ ቆማችሁ በረጅም መቅዘፊያ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ትቀዝፋላችሁ፤ በቃ። መነሻው ሃዋይ ነው። ዋይኪኪ የባሕር ዳርቻ ላይ ሰርፍ የሚያስተምሩ ሰዎች በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ተማሪዎቻቸውን ከፍ ብለው ለማየትና ፎቶ ለማንሳት ሲሉ ቦርድ ላይ ቆመው በመቅዘፊያ ይሄዱ ነበር። እንግዲህ ከጥንቱም ለፎቶ ነበር ማለት ነው። በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ እንደ ሌርድ ሃሚልተን ያሉ ስመ ጥር የሃዋይ ሰርፈሮች ነገሩን እንደገና አነሱት። በአየር የሚነፋው ቦርድ ሲመጣ ደግሞ ባሕር የሌለበት አገር ሁሉ በየሐይቁና በየወንዙ ያዘው።

እናቴ ያደገችው ባሕር ዳር ነው። ፎቶውን ሳሳያት ጥቂት አየችውና "ታንኳ ነው እንዴ? ታንኳ ላይ እንዲህ ይቆማል?" አለችኝ። ከዚያ ኪራዩን ነገርኳት። ጣና ላይ ከደንገል የተሠራ ታንኳ እንጨትና ዓሣ ጭኖ ለእንጀራ ሲቀዘፍ እያየች ያደገች ሴት፣ ልጇ በሰዓት ወደ ሠላሳ ዶላር ከፍላ ባዶ ሰሌዳ እንደምትቀዝፍ ስትሰማ ፊቷ ምን እንደሚመስል መገመት አያቅታችሁም። "ጭነቱስ?" አለችኝ። እኔ ነኛ ጭነቱ።

እኔ ግን እወደዋለሁ፣ እውነቴን ነው። የአሥራ ሁለት ሰዓት ክሊኒካል ውዬ፣ የሞኒተሩ ጩኸት ጆሮዬ ውስጥ እንዳለ በማግሥቱ ጠዋት ሐይቁ ላይ ስወጣ፣ ከመቅዘፊያው ሥር ከሚንሿሿው ውሃ በቀር ምንም አልሰማም። ሁለት እጄ ስለተያዘ ስልክ መንካት አልችልም። ሱዋርድ ፓርክ አጠገብ ከሆነ ራሰ ነጩ ንስር ከዛፍ ላይ ሲነሳ ይታያል። ከጓደኛ ጋር ጎን ለጎን እየቀዘፉ ማውራት ይቻላል፤ ሲደክም ቁጭ ማለት፣ ካሰኘም በጀርባ መተኛት ይቻላል። እንደ ካያክ እግር ታጥፎ አይዋልም።

ለሰውነትም ጥሩ ነው። ቆማችሁ ብቻ እንኳ እግራችሁ፣ ሆዳችሁና ወገባችሁ ሳታስቡት ሲሠሩ ይውላሉ፤ ቦርዱ ለአፍታም ጸጥ ስለማይል። በማግሥቱ የሚያማችሁ ክንዳችሁ ሳይሆን የውስጥ እግራችሁ ሲሆን ይገርማችኋል። ለጉልበትና ለቁርጭምጭሚት ከሩጫ የቀለለ ነው። በአውስትራሊያ የቦንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት፣ ስፖርት የማይሠሩ ሰዎችን በሳምንት ሦስት ጊዜ ለስድስት ሳምንት ፓድልቦርድ አስቀዝፈው የልብና የሳንባ ብቃታቸውም የሆድና የጀርባ ጡንቻቸው ጽናትም ተሻሽሎ አግኝተውታል። የተሳተፈው ሰው ጥቂት ነበርና ተአምር አድርጌ አላቀርበውም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ላቡን ያየ ግን ያምናል።

ሌላው ጥቅሙ፣ ሴቶች ትረዱኛላችሁ፣ ፀጉር ነው። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ተቀምጬ የተሠራሁትን ሹሩባ እሑድ ውሃ ውስጥ አልነክረውም። ገንዳ ሂጂ ስባል ፀጉሬን እጠቅሳለሁ፤ ፓድልቦርድ ስባል አልጠቅስም። ፀጉሬ ሳይነካ ውሃ ላይ መዋል የሚቻልበት ብቸኛው ስፖርት ይመስለኝ ነበር። ቀላልነቱም እንዲሁ ነው። ሰርፍ ለመማር ብዙ ቀን መውደቅና መነሣት አለበት። ፓድልቦርድ ላይ ግን ሐይቁ ጸጥ ካለ በሃያ ደቂቃ ትቆማላችሁ። መጀመሪያ በጉልበት፣ ቀጥሎ አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላው። እግር እግራችሁን ካያችሁ ትንቀጠቀጣላችሁ፤ ቀና ብላችሁ ራቅ ወዳለ ነገር ስታዩ ይስተካከላል።

ጉዱም ያለው እዚሁ ላይ ነው። አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው የምወደው ቀላልነቱ ነው። ዋና የማይችል ሰው ባሕር ውስጥ ገብቶ ሁለት መቶ ሜትር አይርቅም፤ ውሃው ራሱ አንገቱ ላይ ሲደርስ ይመልሰዋል። ፓድልቦርድ ግን ዋና የማይችለውን ሰው ሳይረጥብ፣ እየሳቀ፣ ፎቶ እየተነሳ ሐይቁ መካከል ያደርሰዋል። ሌክ ዋሽንግተን ደግሞ ኩሬ አይደለም። ጥልቅ የሚባለው ቦታው 65 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በየቀኑ የምንመላለስባቸው የአይ 90 እና የ520 ድልድዮች ተንሳፋፊ የሆኑትም ያለ ምክንያት አይደለም። እናቴ ሰውን ስታማ "እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ" የምትለው አነጋገር አለቻት። ስለ ሰው ብቻ የሚባል ይመስለኝ ነበር።

የዚያን ቀን የሆነው እንዲህ ነው። አየሩ 80 ዲግሪ ነበር፤ ከወራት ዝናብ በኋላ የመጀመሪያው የሚሞቅ ቅዳሜ። ቦርዱን ያከራየን ልጅ ስማችንን አስፈርሞ መቅዘፊያ ሰጠን፤ ላይፍ ጃኬቶቹንም አመጣ። "መልበስ ግዴታ ነው?" ብለን ጠየቅነው። "ቦርዱ ላይ ከኖረ ይበቃል" አለን። እኛም ፎቶ ላይ እንዳያስጠላን ቦርዱ አፍንጫ ላይ ባለው የላስቲክ ገመድ ሥር ወተፍነው። ዋና ትችላላችሁ ወይ ብሎ የጠየቀን የለም። ቦርዱን ከቁርጭምጭሚት ጋር የሚያገናኘውን ሊሽ የሚሉትን ገመድ ሦስታችን አሰርን። ጓደኛዬ ግን ስትቆም እየጠለፈኝ ነው ብላ ፈታችው።

ፎቶውን ተነሣን። ከዚያ ራቅ አልን። ከሰዓት ሲሆን ንፋስ ተነሣ፤ ብዙ አይደለም፣ ውሃውን ሽብሽብ የሚያደርግ ያህል። አንድ የሞተር ጀልባ አልፎ ሄደና ማዕበሉ ደረሰን። እኔ ቁጭ አልኩ፤ እሷ ወደቀች። ስትወድቅ እግሯ ቦርዱን ገፋውና ቦርዱ በአንድ ጎን፣ እሷ በሌላ ጎን ሆነች። በመካከላቸው የነበረው ሦስት ሜትር ቢሆን ነው። ቦርዱ ግን ቀላል ነው፣ ንፋሱም አለ፤ እያየሁት አራት፣ አምስት፣ ስምንት ሜትር ሆነ። ላይፍ ጃኬቷ ቦርዱ ላይ እንደተወተፈ አብሮ እየሄደ ነበር።

አልጮኸችም። ይህን በደንብ አንብቡልኝ፤ አልጮኸችም። በፊልም እንደምናየው እጅ እያወዛወዙ "ድረሱልኝ" ማለት የለም። አፏ ከውሃው ይወጣል፣ ይገባል፣ እጆቿ ጎንና ጎን ውሃውን ይጫናሉ፣ ዓይኗ ወደ እኔ ነው ግን የምታየኝ አይመስለኝም። ከእኛ አንዷ የምትቀልድ መስሏት ስትስቅ ሰምቻለሁ። እኔ አሥር ሜትር ያህል ርቄ ነበር። ተንበርክኬ ቀዘፍኩ፤ ስደርስ በደረቴ ተኝቼ የመቅዘፊያዬን እጀታ ዘረጋሁላት። እጇ ሁለት ጊዜ ሳተው፣ በሦስተኛው ያዘችው። ዘልዬ አለመግባቴ ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም፤ የመጀመሪያ እርዳታ ስንማር "ዘርጊ ወይ ወርውሪ፣ አትግቢ" የሚለውን ስለደጋገሙብን ነው። የሚሰጥም ሰው ያገኘውን ሁሉ ወደ ታች ይዞ ይወርዳል።

በካያክ ሲያልፍ የነበረ ሽማግሌ ቦርዷን ይዞ መጣና አብሮን ወደ ዳር ጎተታት። ዳር ከደረስን በኋላ ፎጣ ሰጥተናት ልብሷን ልታወልቅ ስትል ጣቶቿ ቁልፉን መያዝ አልቻሉም። ውሃ ውስጥ የቆየችው ሁሉንም ደምራችሁ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም።

እንደ ነርሲንግ ተማሪ ከዚያ በኋላ ያነበብኩት ከዚያች ቀን ጋር አንድ በአንድ ገጠመልኝ። አየሩ 80 ዲግሪ ሆኖ ሳለ የሌክ ዋሽንግተን ውሃ ሜይ መጀመሪያ ላይ ገና 50ዎቹ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ሰው በድንገት ሲገባ ቆዳው ለአንጎል የሚልከው መልእክት መጀመሪያ የሚያናውጠው ትንፋሽን ነው። ሳይፈልግ በኃይል ወደ ውስጥ ይስባል። አፉ በዚያች ቅጽበት ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። ከዚያ ትንፋሹ እንደ ሯጭ ይፈጥናል፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ይዘላል። በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲው ጎርደን ጊስብረክት ይህን "1-10-1" ብሎ ያስተምራል። ትንፋሽን ለመቆጣጠር አንድ ደቂቃ፣ እጅና እግር የሚታዘዙበት አሥር ደቂቃ ያህል፣ በቅዝቃዜው ራስን ለመሳት ደግሞ አንድ ሰዓት ገደማ። ሁላችንም የምንፈራው የመጨረሻውን ነው፤ "በረዶ ሆኜ እሞታለሁ" የሚለውን። ብዙ ሰው ግን እዚያ አይደርስም። ላይፍ ጃኬት ያልለበሰ ሰው በመጀመሪያዋ ደቂቃ ይሰጥማል፤ የለበሰ ሰው ሌላ ምንም ሳያደርግ ያቺን ደቂቃ ያልፋታል። ጎበዝ ዋናተኛም ቢሆን ያቺን ደቂቃ እኩል ነው የሚጀምራት። "እኔ ዋና እችላለሁ፣ አያስፈልገኝም" ያላችሁ ወንድሞቼ ይህን ለእናንተ ነው የጻፍኩት። በአሜሪካ ከሚሰጥሙት አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ ቦርድ ላይ መገፋፋት የሚያምረውም የትኛው ወገን እንደሆነ እናውቃለን።

"ቦርዱ ላይ ከኖረ ይበቃል" ያለን ልጅ ደግሞ አልዋሸንም። የአሜሪካ ኮስት ጋርድ እ.ኤ.አ. በ2008 ፓድልቦርድ ከመዋኛና ከሰርፍ ክልል ውጭ ከሆነ እንደ ጀልባ ይቆጠራል ብሎ ወስኗል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው ላይፍ ጃኬት መኖር አለበት፤ ፊሽካም እንዲሁ። እዚህ ዋሽንግተን ውስጥ መልበስ ግዴታ የሚሆነው ግን ዕድሜያቸው 12 እና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች ነው። አዋቂ መያዝ ብቻ ይበቃዋል። እንግዲህ ሕግ አልተጣሰም። ጃኬቱ ቦርዱ ላይ ነበር። ቦርዱ ላይ ያልነበረችው ጓደኛዬ ናት። ኮስት ጋርድ ራሱ በየዓመቱ በሚያወጣው የጀልባ አደጋ ሪፖርት ከሰጠሙት ሰዎች ከመቶ ከ80 የሚበልጡት ላይፍ ጃኬት ያልለበሱ ናቸው። ሕጉን የሚያወጣውም ቁጥሩን የሚያወጣውም አንድ መሥሪያ ቤት መሆኑ ያስገርመኛል።

ቻቱ ላይ ሌሎች ቦታዎችም ተነሥተዋል። ሌክ ዩኒየን ያላችሁ፣ እዚያ አውሮፕላን ውሃ ላይ ያርፋል፤ ለጀማሪ ቡድን አይሆንም። የባሕሩ ውሃ፣ ፒውጀት ሳውንድ፣ በኦገስትም ቀዝቃዛ ነው። ዌስትፖርት ሄደን ማዕበል ላይ እንሞክር ያለው ልጅ ቀልዱን እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ሰርፈሮቹ ራሳቸው ፓድልቦርድ ይዞ የመጣን ጀማሪ አይወዱትም፤ ቦርዱ ትልቅ ስለሆነ ማዕበሉን ከሁሉም ቀድሞ ይይዛል፣ ሲወድቅ ደግሞ ሰው ላይ ነው።

አጥብቄ የምቃወመው ግን ወንዙን ነው። "የሚነፋ ቦርድ ከሰው ተውሰን ስኖኳልሚ ወንዝ ብንወርድ በነጻ ነው" ተብሏል። ሐይቅ ላይ ነፍስ የሚያድነው የቁርጭምጭሚት ገመድ ወንዝ ላይ ነፍስ ያጠፋል። ገመዱ ከወደቀ ግንድ ወይም ከድንጋይ ጋር ከተጠላለፈ፣ ቦርዱ በአንድ በኩል እናንተ በሌላ በኩል ትቀራላችሁ፤ ጅረቱ ወደ ታች እየደፈቃችሁ ጎንበስ ብሎ ቁርጭምጭሚት መፍታት አይሞከርም። ለወንዝ ወገብ ላይ የሚታሰር፣ በአንድ ጉተታ የሚፈታ ሌላ ዓይነት አለ፤ እሱም ልምምድ ይፈልጋል። በዌልስ ሃቨርፎርድዌስት ከተማ ኦክቶበር 30 ቀን 2021 ክሌዳው በሚባል ወንዝ ላይ ፓድልቦርድ ሲቀዝፉ ከነበሩ ዘጠኝ ሰዎች አራቱ ወንዙን አቋርጦ የተሠራ ግድብ ላይ ሞተዋል። ዝናብ ከርሞ ወንዙ ሞልቶ ነበር። ጉዞውን ያዘጋጀችው የድርጅቱ ባለቤት በከባድ ቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛነቷን አምና በ2025 አሥር ዓመት ከስድስት ወር ተፈርዶባታል። የከፈሉ፣ አስጎብኚ ያላቸው ሰዎች ናቸው። እኛ በተዋስነው ቦርድ ምን እናደርጋለን?

አሁን ወደማይወራው ልምጣ። ቻቱ ላይ "ፓድልቦርድ" ብለው ከመረጡት ውስጥ ስንቶቻችን ዋና እንችላለን? እኔ እችላለሁ ለማለት ያህል እችላለሁ፤ አንድ ገንዳ ርዝመት ከተሻገርኩ ግድግዳውን እንደ ዘመድ ነው የማቅፈው። ሲዲሲ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መረጃ በአሜሪካ ከሦስት ጥቁር አዋቂዎች ከአንዱ የሚበልጠው ዋና እንደማይችል ተናግሯል፤ ከጠቅላላው ሕዝብ ግን ከመቶ 15ቱ ገደማ ብቻ ነው። በዚህ አገር የዚህ ታሪክ ረጅም ነው፤ ጥቁሮች ከሕዝብ ገንዳ የተባረሩበት ዘመን ሩቅ አይደለም። የኛ የሐበሾቹ ደግሞ የራሱ ምክንያት አለው። እናቴ ጣና ዳር አድጋ ዋና አትችልም። "ውሃ አትግቢ" እየተባለች ነው ያደገችው፣ የከለከሏትም ሰዎች ትክክል ነበሩ። ቢልሃርዝያ አለ፤ ከቀንድ አውጣ የሚወጣው ጥገኛ ውሃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ጉማሬም አለ። እሷ ያንን ፍርሃት ይዛ ሲያትል መጣች፤ ሌክ ዋሽንግተን ውስጥ ቢልሃርዝያም ጉማሬም የለም፣ እኔ ግን "ውሃ አትግቢ" እየተባልኩ አደግኩ። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ክፍላችን በሙሉ ለዋና ትምህርት ሲሄድ እኔ ወረቀት አጽፌ የቀረሁበት ቀን ትዝ ይለኛል።

ስለዚህ "ዋና ስለማንችል አንሂድ" የምትሉት ግማሽ ልክ ናችሁ። ግን ጥብሱስ የት ነው? ሁሌም የምንጠብሰው ሐይቁ ዳር ነው። ታናናሾቻችን እየመጡ እግራቸውን ሲነክሩ እኛ "ውጡ፣ ውጡ" እያልን እንጮሃለን፤ ከገቡ ማናችንም ልናወጣቸው አንችልም። ውሃውን ባንቀርበውም ውሃው አጠገባችን ነው። ከተማው በሙሉ በውሃ የተከበበ ነው።

ለኮሚቴው ያለኝ ሐሳብ ቀላል ነው፣ ወጪውም ብዙ አይደለም። ላይፍ ጃኬት ያልለበሰና ያልቆለፈ ሰው ቦርድ ላይ አይውጣ፤ ፕሬዚዳንታችንም ቢሆን፣ ፎቶም ቢሆን። ወገብ ላይ የሚታሰረው፣ ገመድ ሲጎተት የሚነፋው ቀጭን ዓይነት ያምራል፣ አውቃለሁ፤ ግን ውሃ ውስጥ ደንግጦ ገመድ ፈልጎ መጎተት የሚፈልግ ነገር ዋና ለማይችል ሰው አይሆንም። ወፍራሙን፣ ስፖንጅ ያለውን እንልበስ። ሊሹ ይታሰር። ጠዋት ንፋስ ሳይነሣ እንውጣ፣ ከሰዓት በፊት እንመለስ። ቦርድ ላይ የቆመ ሰው እንደ ሸራ ነው፤ ንፋስ ከመጣ ተንበርክኮ መቅዘፍ ነው፣ ማንም "ፈሪ" አይበል። ከወደቃችሁ ቦርዱን አትልቀቁ፤ ከሰው ራስ የሚበልጥ፣ ከሩቅ የሚታይ ተንሳፋፊ እሱ ነው። ቢራው ከወረድን በኋላ ይሁን። ቀኑ ደግሞ ቢቻል ወደ ጁላይ ይገፋ፤ ያኔ የሐይቁ ላይኛው ውሃ ወደ 70 ዲግሪ ይጠጋል። የሚያስፈልገው ፈተና ማለፋችንና ሁለት ሰው የሥራ ሺፍቱን ማስተካከል ብቻ ነው።

ከዚያ በፊት ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት እሑድ የኮሌጃችን ገንዳ እንገናኝ። ክፍያው ከተማሪ ክፍያችን ውስጥ አለ፤ እየከፈልን አንሄድም። ዋና እንማር አላልኩም፤ ያ ጊዜ ይፈልጋል። በጀርባ መንሳፈፍ፣ ላይፍ ጃኬት ለብሶ ከገንዳው ዳር መውደቅና ትንፋሽን መያዝ፣ ቦርድ ላይ ከውሃ ውስጥ መልሶ መውጣት። ይህ የመጨረሻው ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው፤ መካከለኛውን እጀታ ይዞ፣ እግርን ከኋላ እየመቱ በሆድ መንሸራተት ነው፣ ያምራል የሚል ሰው የለም። የሴቶች ብቻ ሰዓት ለምትፈልጉ እህቶች እኔ ገንዳውን አነጋግራለሁ። ስለ ፀጉር ደግሞ፣ ሹሩባው ከገንዳው በኋላ ባለው ቅዳሜ ይሠራ። እኔም የኔን ለሁለት ሳምንት አስተላልፌዋለሁ፤ ከሠሪዬ ጋር ተጣልተን ነው ያለነው።

ድምፅ መስጫው እስከ ዓርብ ማታ ክፍት ነው። የተለጠፈውን ፎቶ እንዲያነሱት ኮሚቴውን ጠይቄያለሁ። ጓደኛዬ ባለፈው እሑድ ከእኔ ጋር ገንዳ ገባች፤ አገጯ ውሃ ሲነካ ተመልሳ ወጣች፣ ከዚያ እንደገና ገባች። እንሂድ ከተባለ እመጣለሁ ብላለች። ላይፍ ጃኬቷን ራሷ ገዝታለች፤ ብርቱካናማ ነው፣ ከሩቅ ይታያል፣ ከምንም ልብስ ጋር አይሄድም።